ስገባ ለምን ዝም ይላሉ?

ለተከበሩ የምክር አምድ አዘጋጅ፤

የምጽፍልዎ ትዕግሥቴ ስላለቀ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት አማርኛ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ጉለሌ የምኖር ሰው ነኝ። ጠዋት ሬዲዮ ስከፍት የሚጀምረኝ ንዴት ማታ ስተኛም አይለቀኝም። የፕሮግራሙ አቅራቢ ከአሥር ቃል ሦስቱን እንግሊዝኛ ያደርገዋል፤ የቀሩትን ሰባቱንም ምላሱን አጣሞ ይጠራቸዋል። ባለፈው አንድ ሐኪም ስለ ደም ግፊት ሊያስረዳ መጥቶ «ኩላሊት» የሚለውን ቃል እንኳ በአማርኛ ሳይጠራ ግማሽ ሰዓት አውርቶ ሄደ። ይህን የሚሰማው ግፊት ያለበት ሽማግሌ ነው እኮ! ለማን ነው የሚያወራው?

የሱቅ ማስታወቂያዎቹንም አልተውኋቸውም። ከቤቴ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ያሉትን አንድ ቀን እየቆምሁ ቆጠርሁ፤ ከአሥራ አራቱ ዘጠኙ የፊደል ግድፈት አለባቸው። ሥጋ ቤቱ «ሥጋ»ን በእሳቱ ሰ ጽፎታል። ገብቼ፣ «ልጄ፣ ይህ በንጉሡ ሠ ነው የሚጻፈው» ብለው፣ «አባባ፣ ዋናው ሥጋው ነው» አለኝና ወደ ሥራው ዞረ። «ከተግባባን ይበቃል» የሚለውን ንግግር ያህል የሚያቆስለኝ ነገር የለም። ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ሦስት ፊደል ምን ያደርጋል የሚሉ የተማሩ ሰዎች እንዳሉ ዐውቃለሁ። እኔ ግን በዚያ ሦስትነት ውስጥ የግእዙን ሥር አያለሁ። በግእዝ «ሠረቀ» በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ወጣ፣ ብቅ አለ ማለት ነው፤ በእሳቱ ሰ ከጻፉት ግን መስረቅ ይሆናል። የወጣችውን ፀሐይ ሌባ ያደርጓታል። ይህ ቀላል ነገር ነው?

ወንድ ልጄ ሜሪላንድ ይኖራል። በዋሽንግተን ዲሲ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ቅጾችንና ማስታወቂያዎችን በአማርኛ ተርጉመው እንደሚሰጡ፣ ይህም እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣ ሕግ እንደሆነ የነገረኝ ቀን አልቅሻለሁ። ባዕድ ሀገር ለቋንቋችን ወንበር ሰጠው ብዬ ለጎረቤት ሁሉ ተናገርሁ። ነገር ግን የዚያው የልጄ ሁለት ልጆች አማርኛ አይችሉም። ስልኩን ጆሯቸው ላይ ሲያደርጉላቸው «ሰላም አያቴ» ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚሰማኝ ትንፋሻቸው ብቻ ነው።

እሑድ እሑድ ሴት ልጄና ባሏ እኛ ቤት ምሳ ይበላሉ። አማቼ የተማረ ሰው ነው፤ ሆኖም የቋንቋ ነገር ከተነሣ ምሳው ይበላሻል። እኔ የምለው ግልጽ ነው፤ ሀገር የሚግባባበት አንድ ቋንቋ ያስፈልገዋል። እርሱ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 5 ይጠቅስልኛል፤ ሁሉም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች እኩል እውቅና አላቸው ይለኛል። እኔም ያው አንቀጽ አማርኛ የፌዴራል መንግሥቱ የሥራ ቋንቋ ነው እንደሚል አስታውሰዋለሁ። እርሱ ደግሞ በ2012 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀውንና ሌሎች አራት ቋንቋዎች እንዲጨመሩ ያለውን ፖሊሲ ያመጣል። ድምፄ ከፍ ይላል። ልጄ ሳህን ማንሣት ትጀምራለች። ባለቤቴ በዚህ ክርክር አንድም ቀን ገብታ አታውቅም፤ ዝምተኛ ሴት ናት። ቡናውን ታቀርባለች።

አሁን ወደ ልጅቱ ልምጣ። የልጄ ልጅ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤቷ እንግሊዝኛውን እንጂ አማርኛውን ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ ስለዚህ በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ እኔ አስተምራታለሁ። ቃለ ጽሕፈት አስጽፋታለሁ፤ በቀይ እስክሪብቶ አርማለሁ፤ የተሳሳተችውን ቃል አሥር አሥር ጊዜ ትጽፋለች። እኔም የተማርሁት እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ላይ እየሮጠች ትመጣ ነበር። አሁን «ሆዴን አመመኝ» ትላለች። ስታነጋግረኝም «አዎ»፣ «እሺ»፣ «አይ» ብቻ ሆናለች። እናቷ «አባዬ፣ ልጅቱን አስጨነቅሃት» ትለኛለች።

በዚህ ላይ ትምህርት ቤቱ ኦሮምኛ ጨመረባት። ቋንቋውን አልጠላም፤ እንዲህ ተብሎ እንዳይወሰድብኝ። ባለቤቴ የአምቦ ልጅ ናት። የተዋወቅነው በ1970ዎቹ መጀመሪያ እዚያ ተመድቤ ሳስተምር ነው። ሽማግሌ ስልክ አባቷን በቋንቋቸው ሰላም ለማለት ጥቂት ቃላት ይዤ ነበር፤ አዲስ አበባ ስንገባ ጠፋኝ። እርሷ ከእኅቷ ጋር በስልክ ስታወራ እስከ ዛሬ በቋንቋዋ ነው፤ ወደ ጓዳ ገብታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስለምታወራ አይረብሸኝም። ልጆቻችንን ግን በአማርኛ ነው ያሳደግናቸው። የቤቱ አባወራ እኔ፣ የአማርኛ መምህሩም እኔ ነኝና ያኔ ሌላ ነገር አልታሰበም።

ባለፈው ወር ልጅቱ የኦሮምኛ ደብተሯን ይዛ መጣች። ጮክ ብላ ስታነብ ኤክስ የሚባለውን የላቲን ፊደል «ጥ» ብላ ጠራችው። «ይህ ኤክስ ነው፤ ጥ የሚባል ድምፅ የለውም» አልኋት። ቀና ብላ አየችኝና «አያቴ፣ በዚህ እኔ ነኝ ልክ» አለችኝ። ደብተሯን ይዛ ወጥ ቤት ወደ አያቷ ሄደች። ከዚያን ቀን ጀምሮ የቅዳሜው ትምህርት ተበላሸ። እኔ ሳሎን ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ፤ እነርሱ ወጥ ቤት ናቸው። የሚጫወቱት እንቆቅልሽ መሰለኝ፤ «ሂቦ» ሲሉ እሰማለሁ፤ ከዚያ ሳቅ ነው። ባለቤቴ እንዲያ ስትሥቅ ሰምቼ አላውቅም። ሄጄ በሩ ላይ ስቆም ሁለቱም ዝም ይላሉ። «ምንድን ነው የሚያሥቃችሁ?» ብዬ ብጠይቅ «ምንም» አለች ባለቤቴ። ልጅቱም ደብተሯን ዘጋች።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ልጅቱ በእንግሊዝኛና በኦሮምኛ መካከል ገብታ አማርኛዋ ሊጠፋ ነው። ከኦሮምኛው ክፍለ ጊዜ እንድትቀር እናቷ ትምህርት ቤቱን ትጠይቅ ብዬ ልንገራት? ሌላም ነገር አለ፤ ይህን ለመጻፍ ሁለት ቀን አመነታሁ። አርባ ሁለት ዓመት አብረን ኖረናል። ስገባ ለምን ዝም ይላሉ?

የጉለሌው መምህር


መልስ

መምህር፤

ስለ ሬዲዮው አቅራቢና ስለ ሥጋ ቤቱ ጽሑፍ የምመልሰው ጥቂት ነው፤ ደብዳቤዎ ስለ እነርሱ አይደለም። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቱንም ጊዜ ያስቆመኝ እርስዎ በችኮላ ያለፉት አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ባለቤትዎ ከእኅታቸው ጋር ሲያወሩ «ወደ ጓዳ ገብታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስለምታወራ አይረብሸኝም» ያሉት።

አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት እመቤት ከእኅታቸው ጋር ለማውራት በገዛ ቤታቸው ጓዳ ይገባሉ፤ እርስዎ የጻፉልኝ አለመረበሽዎን ነው። «ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ» ብለዋቸው እንደማያውቁ አምናለሁ። እንዲህ ያለ ነገር በቃል አይነገርም። በትዳራችሁ መጀመሪያ አንድ ቀን ፊትዎ ተኮሳትሮ ይሆናል፤ ወይም እንግዳ በተቀመጠበት እሳቸው በቋንቋቸው ሲመልሱ እርስዎ ጉሮሮዎን ጠርገው ይሆናል። እሳቸውም ገባቸው። ስልኩ ወደ ጓዳ ሄደ። ከዚያ ልጆቹ ተወለዱ፤ «በአማርኛ ነው ያሳደግናቸው» ይላሉ። የሰዋስው መምህር ነዎትና ይህን ግሥ ይመልከቱት። የግሡ ባለቤት «እኛ» ነው። ባለቤትዎ በዚያ «እኛ» ውስጥ ነበሩ? ጠይቀዋቸው ያውቃሉ?

«ዝምተኛ ሴት ናት» ብለውም ጽፈዋል። እዚህ ላይ ስለ እናቴ ልንገርዎ።

እናቴ የእምድብር ልጅ ነበረች፤ አባቴ ከመርሐቤቴ የመጣ ሰው ነው። ቤታችን አማርኛ ብቻ ነበር። እናታችንን ሰው ሁሉ ዝምተኛ ይላታል፤ እኛም ልጆቿ አምነን ኖርን። አባታችን ማታ ከመርካቶ ሲመጣ ያወራል፤ እሷ ታዳምጣለች። በአሥር ዓመቴ፣ የመስቀል ሰሞን ካለፈ በኋላ፣ አክስቴ ከሀገር ቤት መጣች። ማታ ሁለቱ ምድጃ ዳር ተቀምጠው በጉራጊኛ ሲጫወቱ ከመኝታዬ ተነሥቼ በሩ ሥር ቆምኩ። እናቴ ሰው እየቀዳች ነበር። የአንዱን አካሄድ፣ የሌላዋን አነጋገር፣ የሽማግሌውን ሳል፤ እጇ ይሠራል፣ ድምፅዋ ይወጣል ይወርዳል፤ አክስቴ በነጠላዋ እንባዋን ትጠርጋለች። ያቺን ሴት አላውቃትም ነበር። ቀናሁ። ስታየኝ ዝም አለች፤ «ምነው አልተኛሽም?» አለችኝ በአማርኛ፤ ያቺው ዝምተኛ እናቴ ሆነች። ካረፈች ብዙ ዓመት አልፏል። ለቅሶዋ ላይ የሀገሯ ሴቶች ጨዋታዋን እያነሡ ሲያለቅሱ እኔና ወንድሞቼ እርስ በርስ እንተያይ ነበር። ስለ ማን እንደሚያለቅሱ አልገባንም።

ስለዚህ ሚዛን ጠብቄ እንድመልስልዎ አይጠብቁ። አልችልም።

«ባለቤቴ እንዲያ ስትሥቅ ሰምቼ አላውቅም» ያሉት ሳቅ ከትምህርት ቤት የመጣ አይደለም። አርባ ሁለት ዓመት እዚያው ቤትዎ ውስጥ ነበር። አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ደብተር ይዛ ገብታ አወጣችው። እርስዎም በሩ ላይ ቆመው «ምንድን ነው የሚያሥቃችሁ?» አሉ። ድምፅዎን አልሰማሁትም፤ ግን ሠላሳ አምስት ዓመት ክፍል ውስጥ ሲጠይቁበት የኖሩት ድምፅ እንደሚሆን እገምታለሁ። ልጅ እያለን እንዲህ ብሎ የጠየቀንን መምህር «ምንም» እንጂ ሌላ መልስ ሰጥተነው እናውቃለን? የጠየቁኝን እነሆ መለስኩልዎ። በዚያ ቤት ቃል ከሰው አፍ ሲወጣ የሚመዝነው ጆሮ የእርስዎ ነው። ልጅቱን ሆዷን የሚያማት በዚህ ነው፤ «አዎ»ና «እሺ» ብቻ የቀሯት በዚህ ነው። እሷ ከጀመረች ጥቂት ጊዜዋ ነው። አያቷ ግን ከእሷ በፊት የገቡ ተማሪ ናቸው።

በዚህ ሁሉ ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ ነው አልልም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 125 የመንግሥቱ ኦፊሴላዊ ቋንቋ አማርኛ ነው ይል ነበር። ባለቤትዎ ትምህርት ቤት በገቡበት ዘመን አፋቸውን የፈቱበት ቋንቋ ከክፍል ውጭ እንጂ ክፍል ውስጥ ቦታ አልነበረውም። ዝም ማለትን ከእርስዎ በፊት ያስተማራቸው አለ። እርስዎ ግን አባታቸውን በቋንቋቸው ሰላም ለማለት ቃል ያጠኑ ሙሽራ ነበሩ! ይህን ሳነብ ልቤ ደስ አለው። ያ ወጣት እንዲያ ሲል ባለቤትዎ ከመጋረጃው ጀርባ ሆነው ሰምተው ይሆናል፤ ይህ ሰው እኔን ሊያውቅ የሚፈልግ ነው ብለው ይሆናል። ከዚያ «ጠፋኝ» ይላሉ። አብራችሁ አንድ ጣሪያ ሥር እየኖራችሁ፣ በየሳምንቱ በስልክ እየሰሙት፣ ቋንቋ አይጠፋም። ትተውት ነው።

«ሀገር የሚግባባበት አንድ ቋንቋ ያስፈልገዋል» ስላሉት ደግሞ፤ መግባቢያ እንደሚያስፈልግ አልክድም። ከሞያሌ የመጣውና ከጎንደር የመጣው መርካቶ ላይ በአማርኛ ይገበያያሉ። ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ እኔም እንጀራዬን የምበላው በዚሁ ቋንቋ ነው። ግን መግባባትና አንድ መሆን ለየቅል ናቸው። የሶማሊያ ሕዝብ ከሞላ ጎደል አንድ ቋንቋ ይናገራል፤ በ1983 ዓ.ም. መንግሥቷ ሲፈርስ ቋንቋው አላዳናትም። ሩቅ ሳንሄድ የእርስዎ ቤት አርባ ሁለት ዓመት አንድ ቋንቋ ብቻ ሲነገርበት ኖሯል። ዛሬ ሲገቡ ዝም ይላሉ። እሑድ እሑድ ከአማችዎ ጋር አንቀጽ 5ን ወዲያና ወዲህ ስትጎትቱ፣ ነገሩ የሚመለከታቸው ሰው ቡና እያቀረቡላችሁ ነበር። አንዳችሁም «እርስዎ ምን ይላሉ?» አላላችኋቸውም። አማችዎንም በዚህ እወቅሳለሁ፤ ስለ ቋንቋ እኩልነት ጠረጴዛ እየደበደበ የገዛ አማቱን አንድ ቃል አልጠየቀም።

ዋሽንግተን ላይ ለአማርኛ ቅጽ ስለተዘጋጀለት ማልቀስዎን እረዳዋለሁ፤ እኔም ብሆን አለቅስ ነበር። አንድ ስደተኛ ሽማግሌ መስኮት ፊት ቆሞ የማያውቀውን ቋንቋ ከመለመን መዳኑ ነው ያስለቀስዎት። ያው ነገር ከሳሎንዎ አሥር እርምጃ ርቀት ላይ ሲሆን ለምን አስቆጣዎት? የሜሪላንድ የልጅ ልጆችዎ ትንፋሽ ብቻ የሆኑብዎ ልጅዎ ስለጠላዎት አይደለም። ወላጆቻቸው ያኔ ማንም የሚያደርገውን አደረጉ፤ የትልቁን ቋንቋ ይዘው ሌላውን ጓዳ አስገቡት። ልጅዎ ይህን ከየት ተማረው? ቤቱ ነው የተማረው። የአምቦ አያቱን በምን ቋንቋ ያነጋግር ነበር? እሳቸውስ በሌላኛው በኩል ተቀምጠው የልጅ ልጃቸውን ትንፋሽ ሲያዳምጡ ምን ተሰምቷቸው ይሆን?

ይህን ያህል ከወቀስኩዎ በኋላ የምነግርዎ ደስ የሚል ነገር አለኝ። እርስዎ ቃል የሚወዱ ሰው ነዎት። «የቤቱ አባወራ» ብለው ጽፈዋል፤ አባ ወራ የአፋን ኦሮሞ ቃል ነው፣ የቤተሰብ አባት ማለት ነው። በቤተሰብ ሕጋችን የተጻፈው «ጉዲፈቻ» ከዚያው የመጣ ነው። ጉለሌም የኦሮሞ ጎሳ ስም ነው። ደብዳቤዎ ስለ አማርኛ ንጽሕና የቆመ ቢሆንም፣ ሰፈርዎንና በቤትዎ ያለዎትን ቦታ የነገሩኝ በባለቤትዎ ቋንቋ ነው። አማርኛ በዚህ አልደኸየም። ፍሬቻንና ጎማን ከጣልያን ወስዶ አልደኸየም። ሐኪሙ «ኩላሊት» ማለት ሲያፍር ግን ይደኸያል፤ በዚህ ፍጹም ከእርስዎ ጋር ነኝ። ሐኪሙ በራሱ አፍሮ ነው ቃሉን የሸሸው። ባለቤትዎ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉት ከዚሁ ኀፍረት የተነሣ ነው። የአንዱን እየተቃወሙ የሌላውን «አይረብሸኝም» ማለት አይሆንም።

ፊደል ወዳድም ነዎት። ኦነሲሞስ ነሲብ በአስቴር ጋኖ እየታገዘ ወደ አፋን ኦሮሞ የተረጎመው መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 ሲታተም የተጻፈው በእኛው ፊደል ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም እየሰፋ ሲሄድ በ15 ቋንቋዎች አስተምሯል፤ ሁሉንም በፊደል ነበር የጻፋቸው። እርስዎ በዚያ ዘመን አምቦ አስተማሪ ነበሩ። እነዚያን መማሪያዎች በእጅዎ ሳይዙ አይቀሩም። ዛሬ የልጅ ልጅዎ የምትማረው በቁቤ ነው፤ የላቲን ፊደሉ ደስ ባይልዎት አልፈርድብዎም። ነገር ግን በቁቤ ኤክስ የተባለው ፊደል ጥ ነው፤ ሲ የተባለው ጭ ነው። ልጅቱ ልክ ነበረች።

እዚህ ላይ ልቆይ፤ ምክንያቱም ከደብዳቤዎ ሁሉ የምወደው ቦታ ይህ ነው። «አያቴ፣ በዚህ እኔ ነኝ ልክ።» አሥር አሥር ጊዜ ስትጽፍ፣ በቀይ ስትታረም የኖረች ልጅ በመጨረሻ የምታውቀው አንድ ነገር አገኘች፤ ቀና ብላ አየችዎ። «ልክ ነሽ፤ አስረጂኝ» ቢሏት ኖሮ ወጥ ቤት ባልሄደች። ብታስረዳዎ ደግሞ እርስዎን እንደ እርስዎ ያለ ሰው ብቻ በሚደሰትበት ነገር ታስደስትዎ ነበር። በፊደላችን «አለ» ብለን ስንጽፍ ይጥበቅ ይላላ አይታይም፤ አንድ ነገር መኖሩን ይሁን ሰው መናገሩን የምንለየው ከዐረፍተ ነገሩ ነው። ስንት ዓመት በሰሌዳ ላይ «ሲጠብቅ፣ ሲላላ» እያሉ አስተምረዋል! ቁቤ የሚጠብቀውን ድምፅ ሁለት ጊዜ ይጽፈዋል። አናባቢውም ሲረዝም እንዲሁ ነው፤ አናባቢዎቹ ሲያጥሩ «መሬት» ማለት የሆነው የኦሮምኛ ቃል፣ ሲረዝሙ «ለስላሳ» ማለት ይሆናል። የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ይህን በደብተሯ ይዛ መጥታ ነበር፤ እርስዎ ኤክሱ ላይ ቆሙ።

ከክፍለ ጊዜው ትቅር ወይ ላሉት፤ አትቅር። ይህን ለልጅዎ እንዳይነግሯት። ቢነግሯት ልጅቱ የምትረዳው አንድ ነገር ነው፤ አያቷን ያሣቀው ነገር አያቷን አስቀየመ። ለአማርኛዋም አይፈሩላት። አማርኛ በመንገዱ፣ በጎረቤቱ፣ በእናቷ አፍ አለላት። እርስዎ ጋ የጎደለው ሌላ ነው። ቃለ ጽሕፈቱን ለጊዜው ይተዉት። አሁን ልጅቱ አማርኛን የምታውቀው የምትሳሳትበት ነገር አድርጋ ነው፤ ወጥ ቤት ያለውን ቋንቋ ደግሞ የምትሥቅበት። የቱን እንደምትመርጥ መምህር ለሆነ ሰው አይነገርም። ሠረቀና ሰረቀን ለእኔ ሲጽፉልኝ ሌባ ስለሆነችው ፀሐይ አነበብኩና ጮክ ብዬ ለቢሮ ጓደኞቼ ነገርኳቸው። ይህን ለልጅቱ ነግረዋታል? ወይስ አሥር ጊዜ ጻፊው ብለዋታል?

ስለ ባለቤትዎ ግን ይቅርታ ይጠይቁ ብዬ አልመክርዎም፤ ገና አይደለም። አርባ ሁለት ዓመት ያልተነገረ ነገር በአንድ ይቅርታ ከተዘጋ እሳቸው «ምን አደረግህና» ብለው ቡናቸውን ያቀርባሉ፤ ነገሩም እዚያው ያልቃል። በመጀመሪያ እኅታቸው ሲደውሉ ሳሎን ተቀምጠው እንዲያወሩ ወንበሩን ይልቀቁላቸው። ሬዲዮውን ይዝጉት። ድምፃቸውን ከፍ እስኪያደርጉ ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ ይጠብቁ። እኅታቸውን ለበዓል ይጥሯቸው፤ ሳምንት ይቆዩ። ማታ ሁለቱ ሲጫወቱ ተነሥተው አይሂዱ፤ ባይገባዎም ይቀመጡ። እኔ በአሥር ዓመቴ ከበሩ ሥር ወደ ውስጥ አልገባሁም። እናቴ ስታየኝ ዝም ስላለች ተመለስኩ። ብገባና እግሯ ሥር ቁጭ ብል ትቀጥል እንደነበር ዛሬ አውቃለሁ።

የፊታችን ቅዳሜ ቀዩን እስክሪብቶ መሳቢያ ውስጥ ይተዉት። ወጥ ቤት ሲገቡ በሩ ላይ አይቁሙ፤ ዱካ ስበው ይቀመጡ። ዝም ይሉ ይሆናል። ያን ጊዜ «ማል ጄቴ?» ብለው ይጠይቁ። በአፋን ኦሮሞ «ምን አልሽ?» ማለት ነው፤ «ምን አለች?» ማለትም ነው፤ ስለዚህ ከሁለቱ የፈለገችው ትመልስልዎ። ልጅቱ አጠራርዎን ታርመዋለች። ይታረሙ፤ አሥር ጊዜ ቢያስብሉዎም ይበሉት። ከዚያ እንቆቅልሹን ይጠይቋቸው፤ ምን እንደሆነ ሲነግሩዎ ለእኔም ይጻፉልኝ።